ኮሶውን የጠጣው ማን ነው

በደብረ ታቦር አካባቢ፣ በተለይም የጉና ብርድ ሰውን በጊዜ ወደ ምድጃ በሚሰበስብበት በገሳይ በኩል፣ አንድ የተወደደ ጨዋታ አለ። ተራኪው ሽማግሌ ይሁን ወይም ከትምህርት ቤት ለዕረፍት የተመለሰ ልጅ፣ ጨዋታው አይለወጥም። የቋራው ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ገና ዘውድ ሳይጭን በሸፈተበት ዘመን፣ ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉ የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዘው እንደሚያመጡ በአደባባይ ፎከሩ። ጦርነት ሆነ፤ ፎካሪው ተሸነፉና ተማረኩ። ካሳም በምግብ ፈንታ ኮሶ አስቀረበላቸው። እናቱ ገበያ ወጥታ ገዢ አጥታ የመለሰችው ስለ ሆነ ይጠጡላት ዘንድ ለመናቸው። እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ተራኪውም ብርሌውን ያነሣል።

እኔም ብዙ ጊዜ ስቄአለሁ። አሁን ግን ዕድሜዬ ከፍ ካለ ወዲህ ያንን ሳቅ መመርመር እወዳለሁ። መጽሐፍ ሲታተም ደኅናውንና ጉድለቱን የሚናገር ተቺ ይነሣለታል። በቃል የምንቀባበለው ተረት ግን ተቺ የለውም። ይሁን እንጂ ከመቶ መጻሕፍት ይልቅ ልባችንን የሚቀርጸው በልጅነታችን ምድጃ ዳር የሳቅንበት ነገር ነው። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ተረት እንደ አንድ መጽሐፍ ገልጠን አብረን እናንብበው።

በመጀመሪያ ነገሩ ሐሰት ነው አልልም። ያን ዘመን የጻፉ ሰዎች መዝግበውታል፤ ሕዝቡም ጠብቆታል። ጊዜው 1830ዎቹ ወደ ማለቂያቸው ሲቃረቡ ነው። በጌምድርን ከደብረ ታቦር ሆነው የሚገዙት ራስ ዓሊ ነበሩ፤ እናታቸው እቴጌ መነን በጎንደር በኩል ያለውን አገር ይዘዋል። ካሳን ለማባበል የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ድረውለታል። እንግዲህ የኮሶው ስድብ የወጣው ከባዕድ ቤት አይደለም፤ ካሳ አማች ሆኖ ከገባበት ቤት ነው። ሰውን አብልጦ የሚያቈስለው ከቅርብ የተወረወረ ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ካሳ መቈሰሉን አልነቅፍም። አለመቈሰሉን የሚጠብቅበት ሰው ቢኖር እርሱ ራሱ ተሰድቦ የማያውቅ ነው።

አሁን ወደ ኮሶው ልግባ። የዛሬ ልጅ ኮሶን በስም እንጂ በጣዕም ስለማያውቀው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። ከሴቴው ዛፍ የሚለቀመው ቀላ ያለ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና ይጠጣል። እጅግ መራራ ነው፤ ልክ ሲያልፍም ሰው ይጎዳል። አገልግሎቱ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ከሆድ ማስወጣት ነው፤ ትሉንም በመድኃኒቱ ስም የኮሶ ትል እንለዋለን። የዱሮ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። በዚያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ መኰንንም ቢሆን ምክንያቱ ይበቃል።

አንባቢ ሆይ፣ እስኪ ልብ በል። ጥሬ ሥጋ በብዛት የሚበላው ማን ነበር? በየግብሩ ብርንዶ የሚቈረጥለት ጌታ አይደለምን? ድኻው ሥጋ የሚያገኘው በዓመት ስንት ቀን ነው? እንግዲህ የኮሶ ሻጯ ዋና ደንበኞች እነዚያው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሚሳደቡት ጌቶች ነበሩ። ማታ ይበላሉ፣ በሁለተኛው ወር ያማቸዋል፣ አሽከር ወደ ገበያ ይልካሉ፣ የሷን መድኃኒት ጠጥተው ይድናሉ፣ ከዚያም ይሰድቧታል።

የተረቱን የመጀመሪያ ጉድለት የማየው እዚህ ላይ ነው። ካሳ በነገሩ ትክክለኛ መልስ ነበረው። «አዎን፣ እናቴ ኮሶ ሸጣለች፤ አንተም ገዝተህ ጠጥተህ ድነሃል» ቢል ስድቡ በዚያው መሬት ላይ ወድቆ ይቀር ነበር። እርሱ ግን ኮሶውን መቅጫ አደረገው። መድኃኒቱን ወደ ውርደት ለወጠው። እንዲህ በማድረጉም ሳያውቀው የተሳዳቢውን ቃል አጸናለት፤ ምክንያቱም ኮሶ የሚያሳፍር ነገር ባይሆን ኖሮ ለጠላት ማዋረጃ አይሆንም ነበር። ተበቃይ ከበዳዩ ጋር በአንድ ነገር ይስማማል፤ ይኸውም በስድቡ ትርጕም ነው።

ካሳ ከነገሠ በኋላ ግን የተሻለውን መልስ በሥራ ሰጥቷል፤ ተረቱ ያን አይነግረንም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ቦታ ከውጭ አገር የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ከአገራችን ሠራተኞች ጋር አሰማርተው መድፍ አስቀለጡ። በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በአገራችን ቡዳ እየተባለ ይሸሽ ነበር፤ ሸማኔውም ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የቀጥቃጩን ሥራ ከዙፋናቸው አጠገብ አቆሙት፤ መንገድ በሚሠራበትም ጊዜ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሠሩ። (ዐፄ ምኒልክም ኋላ ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በዐዋጅ ከልክለዋል።) ሥራን ለሚንቅ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ምድጃ ዳር የጋፋትን ነገር ብታነሣ ማንም አይስቅልህም። የሚሳቀው በኮሶው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ለኔ ከመጀመሪያው ይብሳል። በዚህ ተረት ውስጥ የተሰደበችው ማን ናት? ወይዘሮ አትጠገብ ናት። ኮሶውን ለቅማ፣ ወቅጣ፣ ተሸክማ ገበያ ወጣች የምትባለው እርሷ ናት። ልጇን ያሳደገችበት ሙያ ነው። ታዲያ ስለ እርሷ ስድብ ሁለት ወንዶች ይጣላሉ፤ አንዱ ይፎክራል፣ ሌላው ይበቀላል፤ እርሷን ግን የሚጠይቃት የለም። አቤ ጉበኛ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈውን ልብ ወለድ «አንድ ለናቱ» ብሎ ሰይሞታል፤ እናትየዋን ከርእስ ላይ ማስቀመጡ ደግ ነው። ተረታችን ግን አንዲት ቃል እንኳ አይሰጣትም። ምን ትል ነበር? ምናልባት በልጇ ድል ደስ ይላት ይሆናል። ምናልባትም «ስንት ብር የሚያወጣ ኮሶ አባከንህብኝ!» ትለው ይሆናል።

ይህን የምለው እንዲያው ለመቀለድ አይደለም። ይህን ተረት ከሌላው ሰው አብልጬ የወደድሁበት የግል ምክንያት ስላለኝ ነው።

እናቴ በገሳይ አረቄ ትሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ድንችና ገብስ አምጥቶ የሸጠ ገበሬ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ብርዱን ለማባረር አንድ ሁለት መለኪያ ይጠጣል፤ እኛም በዚያ ገንዘብ እንኖር ነበር። እኔ ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር በተላክሁ ጊዜ ደብተሬም፣ ቀለቤም፣ የቤት ኪራዬም ከመለኪያው የወጣ ነው። አንድ ቀን ከእኔ ጋር የሚማር የደኅና ቤተሰብ ልጅ፣ በሒሳብ ትምህርት ስለ በለጥሁት ይመስለኛል፣ በተማሪ ሁሉ ፊት የአረቄ ሻጭ ልጅ ብሎ ጠራኝ። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩም ከንፈሩን ነክሶ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰ፤ እርሱም ሳይስቅ አልቀረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የካሳ ተረት የኔ ተረት ሆነ። ያን ልጅ አንድ ቀን በእጄ አግብቼ ማሰሮ ሙሉ አረቄ በግድ ሳጠጣው እያሰብሁ እተኛ ነበር። እውነቱን መደበቅ አይገባኝምና፣ ቂሙ ጠቅሞኛልም። እርሱን ለመብለጥ ስል ሌሊት በኩራዝ አጠናሁ፤ አንደኛም ወጣሁ። ቂም ትጋት ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ሊተወው የማይወደውም ስለዚህ ነው። ዋጋውን የሚጠይቀው ግን ኋላ ነው። እኔ አንደኛ በወጣሁበት ቀን ደስ ያለኝ ለእናቴ ላበስራት ሳይሆን የዚያን ልጅ ፊት ለማየት ነበር። ወደ ገሳይ ስመለስም ከገበያ ሰው ጋር እንዳልታይ በጓሮ በኩል እገባ ጀመር። ስድቡ ያላደረገውን እኔ በገዛ እጄ አደረግሁት ማለት ነው፤ በእናቴ አፈርሁ።

ይህንንም ነገር ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርሁም። በመጨረሻ፣ ሥራ ይዤ ለዓመት በዓል በመጣሁበት ጊዜ፣ እናቴ እሳቱን ስትቆሰቁስ ነገሩን ሁሉ አወጣሁላት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን አዳመጠችኝና «ታዲያ ሐሰት ተናገረ እንዴ?» አለች። ደነገጥሁ። ቀጥላም፣ «ስድቡ የኔ ከሆነ ምነው ለኔ ሳትሰጠኝ ይህን ያህል ዘመን ተሸከምኸው? እኔ ብሰማው በዚያው ቀን እምረው ነበር፤ ልጅ ነውና። አሁን አንተ ይቅር ልትለው አትችልም፤ ያንተ አይደለማ» አለችኝ።

እኔ በትምህርት ቤት ስለ ይቅርታ ብዙ ሰምቻለሁ፤ አቡነ ዘበሰማያትም በየቀኑ እደግማለሁ። እናቴ የተናገረችውን ግን ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማሁም። ይቅርታ የተበደለው ሰው ገንዘብ ነው። ሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም፤ ሌላ ሰውም ሊከለክለው አይችልም። ካሳ የእናቱን ስድብ ወስዶ የራሱ ቂም አደረገው። እኔም እንዲሁ። የሰው ገንዘብ ይዞ መኖር ደግሞ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ተረቱ በሳቁ ላይ ማለቁ ነው። የሰውዬው ኑሮ ግን በዚያ ላይ አላለቀም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ዘውድ ጫኑ። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ለእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳይመጣ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። ያ ዝምታ እንደ ኮሶው ስድብ በልባቸው ገባ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። መልሱ በ1858 ዓ.ም. በራሳም እጅ በደረሰ ጊዜ እስረኞቹን ፈቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ያዟቸው። የተመኙት መልስ ከመጣ በኋላ እንኳ ሕመሙ አለመልቀቁን ከዚህ እናያለን። ቍስሉ የቆየ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ቢመጣም ሰውነት አይቀበለውም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ አስጎትተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ የገዛ ከተማቸውን ደብረ ታቦርን ለእሳት ሰጥተዋት ሄዱ።

እዚህ ላይ የታሪክ ዐዋቂ አንባቢ ይቈጣኛል። ይህን ሁሉ ያመጣው ኮሶ አይደለም፤ የመሳፍንቱ ዐመፅ፣ የግብሩ ማነስ፣ የቤተ ክህነት ጠብ፣ የውጭ መንግሥታት ንቀት ነው ይለኛል። እውነት አለው። እኔም አንድ ዋንጫ ኮሶ መንግሥት ጣለ አላልሁም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በወጣትነቱ ስድብን መመለስ እንደ ጀግንነት የተጨበጨበለት ሰው፣ በሸመገለ ጊዜ ስድብን እንዲተው የሚያስተምረው አላገኘም። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁለት። እኛም እስከ ዛሬ እንስቅለታለን።

በመጨረሻው ሳምንት የሆነውም ልብን ይሰብራል። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የእግር ማጠብን ሥርዐት የምትፈጽምበት ቀን ነው። በዚያ ቀን በመቅደላ ሥር እስላምጌ ከሚባለው ቦታ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ወደ ገደል ተወረወሩ። በማግሥቱ በስቅለት ቀን እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ገብርዬ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የፈረንጆቹን እስረኞች ለቀቁ፤ ለፋሲካ መፈሰኪያም ብለው ለእንግሊዞቹ ከብት ሰደዱ። ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ለባዕዳኑ ምሕረት ተገኘ፤ ለአገር ልጆች ግን በአራት ቀን ቀድሞ ጠፍቶ ነበር። ሰውዬውን ሳላፈቅር ይህን አልጻፍሁም። አገር አንድ እንዲሆን ከእርሳቸው በፊት እንደ እርሳቸው የደከመ አላውቅም።

«እንግዲህ ይቅር ባዮቹን አመስግን» የሚለኝ ይኖራል። እንዳመሰግን የሚፈለጉትን ሁሉ ግን አላመሰግንም። በዚያው በደብረ ታቦር በ1834 ዓ.ም. የሆነውን ተመልከት። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ወግተው ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። አሸናፊዎቹ በድላቸው ሲጠጡና ሲጨፍሩ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ባለድሉን ማረኳቸው። ጨዋታ የሚመስል ታሪክ ነው። ራስ ዓሊም ተመልሰው ሥልጣናቸውን ያዙ፤ ውቤንም ብዙ ሳያቆዩ ፈትተው ወደ ግዛታቸው ሰደዷቸው። ይህን እንደ ትልቅ ምሕረት የሚያወሩ አሉ። በኔ ፍርድ ግን ሒሳብ እንጂ ምሕረት አይደለም፤ ሰሜንንና ትግሬን የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው፣ በዚያ ዘመን ሠራዊት የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። ገብሱ የተበላበት፣ በሬው የታረደበት፣ ጎጆው ለማገዶ የፈረሰበት የፋርጣ ሰው ይቅር ማለቱን ማን ጠየቀው? ሁለቱ ጌቶች የሌላውን ሰው ዕዳ እርስ በርሳቸው ተሰራረዙ።

ይህ ነገር በመኳንንት ዘንድ ብቻ የቀረ መስሎህ እንዳትታለል። ዛሬም በየመንደሩ ሽምግልና ሲቀመጥ ችኩል ሽማግሌዎች አሉ። ነገሩ ሳይጣራ፣ በዳዩ አፉን ሳይከፍት፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር በል፤ ተሳሳሙ» ይላሉ። ተበዳዩ ቢያቅማማ ልበ ደንዳና ተብሎ እርሱ በዳይ ይሆናል። በተለይ ድኻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወይም ሴት የሆነች እንደ ሆነ፣ ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሁሉም ጠላ ጠጥቶ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጥይት ይሰማል፤ ሽማግሌዎቹም «ይኸው ታርቀው ነበር እኮ!» እያሉ ይደነቃሉ። አልታረቁም ነበር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን ተረት ክፉ ሰዎች የፈለሰፉት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ተረቱ ለሽማግሌ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል፤ ተበዳዩን ርሳ አትበለው፣ አይችልምና።

ደኅና ሽማግሌ የሚያደርገው ሌላ ነው። አባቶቻችን በዳዩን ድንጋይ ያሸክሙት ነበር። በዳዩ በአንገቱ ወይም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጐንበስ ብሎ፣ በተበዳዩ ፊት ይቆማል። ስላጠፋው ነገር በቃሉ ይናገራል፤ ካሳ የሚከፈልም እንደ ሆነ ይቈረጣል። (ካሳ የሚለውን ስም ለዚያ ልጅ ያወጣለት ሰው ምን አስቦ ነበር? አንዳንድ ጊዜ እገረማለሁ።) ከዚያ በኋላ ድንጋዩን እንዲያወርድ የሚፈቅድለት ተበዳዩ ነው። ሽማግሌው ሊያወርድለት አይችልም። የሥርዐቱ ጥበብ ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ፤ በተበዳዩ ልብ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው ድንጋይ ወጥቶ በበዳዩ አንገት ላይ ይታያል፣ ይመዘናል፣ ከዚያም መሬት ላይ ይወድቃል።

በ1870 ዓ.ም. መጋቢት የሸዋው ምኒልክ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ። የነገሥታት ነገር ነውና በውስጡ ፖለቲካ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ጥፋቱ በስሙ ተጠርቷል፤ ምኒልክ ይዘውት የነበረውን የንጉሠ ነገሥትነት ስም ትተዋል፣ ግብርም ለመክፈል ተስማምተዋል። ዐፄ ዮሐንስም የማሩት የራሳቸውን ነው፤ የተነካው የእርሳቸው ዘውድ ነበርና። ድንጋዩን አስወርደው የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ያው ምኒልክ እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ወግተው ድል ነሡ። ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ምኒልክ ቍስላቸውን በገዛ እጃቸው ማጠባቸው ይነገራል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚያውቅ አንገት የወደቀውን ሰው ቶሎ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የጎጃምን ጦር ይዘው ከምኒልክ ጎን የተሰለፉት እነዚያው ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በምርኮኛው ፊት ኮሶ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ሰልፍ እንዴት ይሆን እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስበው። ስለዚህኛው ታሪክ ግን ምድጃ ዳር የሚያስቅ ጨዋታ የለንም። ቍስል ሲታጠብ ማን ይስቃል?

ስለ ራሴ የጀመርሁትን ሳልጨርስ ብተወው አንባቢ ይታዘበኛል። እናቴ ያን በተናገረችኝ በሁለተኛው ዓመት ያን ሰው ገሳይ ላይ አገኘሁት፤ አውቶቡሱ ቆሞ ተሳፋሪው እግሩን ሲያፍታታ ነበር። አወቀኝ፤ አቅፎ ሳመኝ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኞቻችን አነሣ፤ ይስቅ ነበር። ዝም ብዬ ላልፈው ዐሰብሁና የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። የሆነውን ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ። «እኔ? እንዲህ ብያለሁ?» አለ። አላስታወሰውም። እኔ ያን ያህል ዘመን የተሸከምሁትን ነገር እርሱ ተናግሮት እንደ ነበር እንኳ አያውቅም። ትንሽ ዝም አለና «እናትህ አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሉ አልሁት። «እንሂድ» አለ፤ አውቶቡሱንም ተወው።

ከደጃፍ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ። ጐንበስ ብሎ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። እናቴ ክንዱን ይዛ አስነሣችውና ወንበር ሰጠችው። ብርድ ነበር። ከአረቄው ቀዳችለት፤ ጠጣና እጅግ አመሰገነ፤ ሁለተኛም ቀዳችለት። ሊሄድ ሲነሣ ኪሱ ገብቶ ገንዘብ አወጣና እንዳይነውርበት ፈርቶ እኔን እኔን አየኝ። እናቴ እጅዋን ዘረጋች። የሁለት መለኪያውን ሒሳብ ቈጥራ ተቀበለችና መልሱን ሰጠችው።